የታጠፈ መገጣጠሚያ የብዙ በሽታዎች ምልክት እንጂ አንድ በሽታ አይደለም

በቅርቡ፣ መገጣጠሚያቸው ተገትሮ ወይም ታጥፎ ስለሚወለዱ ሕፃናት እና ካደጉ በኋላ መገጣጠሚያቸው እየደረቀ ስለሚሄድ ልጆች የተጻፈ ሰፋ ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ለእነዚህ ልጆች ከልባቸው እንደሚያስቡ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ወላጆች ልጃቸውን ከሰው ዓይን እንዳይደብቁና ወደ ሕክምና ለመሄድ እንዳይዘገዩ ያሳሰቡበትን ክፍል እኔም ሙሉ በሙሉ እጋራዋለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ የቆመባቸው ዋና ዋና ነጥቦች ከሞላ ጎደል የተሳሳቱ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ልጅን እስከ መጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ለብዙ ዓመታት የእነዚህን ልጆች እጅና እግር ይዤ የሠራሁ በመሆኔ፣ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የመገጣጠሚያ መታጠፍ አንድ የአጥንት በሽታ ነው፤ ምንጊዜም ከአባት ወይም ከእናት ወገን በዘር ይወረሳል፤ ያም ሆኖ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወቅት በአቀማመጧና በሥራዋ ልታመጣው ወይም ልታባብሰው ትችላለች፤ መፍትሔው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ፣ ልጁ ቢያለቅስም ሳይራሩ፣ መገጣጠሚያውን በኃይል ስቦ ማቃናት ነው፤ ከልደት በኋላ የሚመጣው ድርቀት የልጆች ቁርጥማት ስለሆነ በቁርጥማት መድኃኒት ይታከማል፤ ልጆቹ በአእምሮም ወደኋላ መቅረታቸው አይቀርም፤ በመጨረሻም፣ የዘረመል ምርመራ ፈውስ ስለማያመጣ ትርፉ ድካም ነው። በቅደም ተከተል እሄድባቸዋለሁ።

አንድ የአጥንት በሽታ ነው ከሚለው ልጀምር። አንድ ሕፃን ከአንድ በላይ በሆኑ የአካሉ ክፍሎች መገጣጠሚያዎቹ ተገትረው ሲወለድ ሐኪሞች አርትሮግራይፖሲስ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ የታጠፈ መገጣጠሚያ ማለት ብቻ ነው፤ ለምን እንደታጠፈ አይናገርም። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኦቶ እንዲህ ያለውን አወላለድ በ1841 እ.ኤ.አ. ገልጾ ጽፏል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሙሉ ስያሜ ደግሞ በ1923 እ.ኤ.አ. ስተርን በተባለ ሐኪም የተሰጠ ነው። ከዚያ ወዲህ በተለይ በካናዳ የሠሩት የዘረመል ሐኪም ጁዲት ሆል ለዐሥርት ዓመታት ሕሙማኑን አንድ በአንድ እየመረመሩና እየመደቡ እንዳሳዩት፣ በዚህ አንድ ስም ሥር የተጠለሉት የተለያዩ ሁኔታዎች ከ400 ይበልጣሉ። አርትሮግራይፖሲስ ማለት እንደ ትኩሳት ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ አንድ በሽታ ይዞታል እንደማንል፣ መገጣጠሚያው የታጠፈውንም ልጅ ሁሉ በአንድ ስም ጠርተን አንድ መድኃኒት ልናዝለት አይገባም። በጥቅሉ ከ3,000 እስከ 5,000 ከሚደርሱ ሕፃናት አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳልና፣ እያንዳንዱ ሁኔታ ለብቻው ብርቅ ቢሆንም በአንድነት ሲታዩ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም።

የአጥንት በሽታ የሚለውም ቢሆን በአብዛኛው አይገጥምም። እርግጥ ነው፣ ዲያስትሮፊክ ዲስፕላዚያን በመሰሉ ሁኔታዎች ችግሩ ከልም አጥንቱና ከአጥንቱ ይነሣል። በአብዛኞቹ ልጆች ግን መገጣጠሚያው መጀመሪያ ሲሠራ ደህና ነበር፤ የጎደለው እንቅስቃሴ ነው። ጽንስ ከ8ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መገጣጠሚያው በወጉ ተከፍቶ የሚቀረውም በዚያ እንቅስቃሴ ነው። ጡንቻው፣ ነርቩ ወይም ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ታምሞ ጽንሱ ካልተንቀሳቀሰ፣ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ሽፋን ይወፍራል፣ ጅማቱ ያጥራል፣ መገጣጠሚያውም በነበረበት ይቀራል። ይህ በግምት የተያዘ ነገር አይደለም። ድራክማንና ኩሎምብር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ በእንቁላል ውስጥ ያለውን የጫጩት ሽል ጡንቻ በሚያሰንፍ ኩራሬ በተባለ መርዝ ለአጭር ጊዜ እንዳይንቀሳቀስ አደረጉት፤ አጥንቱን የነካው ነገር ሳይኖር ጫጩቱ እግሩ ተቆልምሞና መገጣጠሚያው ተገትሮ ተገኘ።

አንባቢ ይህን በራሱ እጅ ላይ ማየት ይችላል። በጣቶቻችሁ መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉትን የቆዳ መስመሮች ተመልከቱ፤ እነዚያ መስመሮች የተሠሩት ገና በማኅፀን ሳለን ጣቶቻችንን እያጠፍን ስንዘረጋ ነው። አንድ አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጣልኝ ቁጥር አስቀድሜ የማየው ይህንኑ ነው። በማኅፀን ታጥፎ የማያውቅ ክርን ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ጣት ቢዳስሰው አንድም መስመር አያገኝም፤ አንዳንዴም በመስመሩ ፈንታ እንደ ጉንጭ ስርጉድ ያለች ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ይኖራል። መስመሮቹ ኖረው መገጣጠሚያው ግን የተገተረ ከሆነ፣ ይህ ልጅ በአንድ ወቅት ይንቀሳቀስ ነበር፣ ያገደው ነገር የመጣው በኋላ ነው ማለት ነው። አንድ የቆዳ መስመር ይህን ያህል የሚናገር ከሆነ፣ ሁሉንም አንድ በሽታ ብሎ መጠቅለል ምን ያህል እንደሚያሳጣን ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ምንጊዜም ከቤተሰብ ይወረሳል የሚለው፣ በብዙ ቤት ውስጥ ጠብ የሚዘራ አነጋገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። በአርትሮግራይፖሲስ ከሚወለዱት ልጆች መካከል በብዛት የምናገኘው አሚዮፕላዚያ የሚባለው ነው፤ ከሁሉም ሲሶ ያህሉን ይይዛል፤ ከ10,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። ትከሻው ወደ ውስጥ የዞረ፣ ክርኑ የተዘረጋ፣ የእጁ አንጓ ወደ ታች የታጠፈ፣ እግሩም ብዙ ጊዜ ቆልማማ የሆነ ሕፃን ነው፤ በጡንቻው ቦታ ስብና ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ ተተክቶ ይገኛል። ይህ ሁኔታ በዘር አይወረስም። ከአንድ እንቁላል በተገኙ መንትዮች ላይ ከተለመደው በዛ ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዘው አንደኛው ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዘረመል ይዘው አንዱ ጤነኛ፣ ሌላው የታጠፈ ሆኖ መወለዱ ጉዳዩ የዘር አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻውም።

ሌሎቹ በእርግጥ ዘረመላዊ ናቸው፤ ሆኖም ዘረመላዊ መሆንና ከወላጅ መውረስ አንድ አይደሉም። የዘረመል ለውጡ በልጁ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰተ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በአባትም በእናትም ወገን ቢፈለግ አይገኝም። ወይም ሁለቱም ወላጆች ሳያውቁት አንድ አንድ የተለወጠ ቅጂ ተሸክመው ሁለቱ በልጁ ላይ ሲገናኙ በሽታው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከየት ወገን መጣ ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም የለውም፤ ከሁለቱም ነውና። ዲስታል አርትሮግራይፖሲስ በሚባለው፣ በተለይ እጅና እግር ጫፍ ላይ በሚበረታው ምድብ ደግሞ፣ አንድ የተለወጠ ቅጂ ብቻውን ስለሚበቃ በወላጁ ላይም ምልክቱ በትንሹ ሊኖር ይችላል። አንድ አባት ልጁን ታቅፎ መጥቶ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ የለም ሲለኝ፣ የራሱን ጣቶች እንዲዘረጋልኝ ጠየቅሁት፤ የሁለቱም እጆቹ ትንንሽ ጣቶች ከመሐላቸው ጎበጥ ብለው ቀሩ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያያቸው ኖሮ በሽታ ናቸው ብሎ አስቦ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ የሚጠቅመው ለወደፊቱ ለመዘጋጀት ነው፤ ለወቀሳ እንዲሆን አይደለም።

ለሦስተኛው ነጥብ፣ ለእናቲቱ ጥፋት፣ ብዙ ቃል ማባከን አልፈልግም። በእናት በኩል የሚመጡ እውነተኛ ምክንያቶች አሉ፦ የእንሽርት ውሃ ቀድሞ ፈስሶ ጽንሱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሊያጣ ይችላል፤ የማኅፀኗ ቅርጽ ጽንሱን ሊያጣብበው ይችላል፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው በሽታ ካለባት ደግሞ በሰውነቷ የተሠሩ ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጁ አልፈው የጽንሱን ጡንቻ ሊያሰንፉ ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል ግን በአቀማመጥ፣ በአተኛኘት ወይም ዕቃ በማንሣት የሚመጣ አንድም የለም። በነጥብ ሁለት በዘር ነው ያሉትን በነጥብ ሦስት በእናቲቱ ማላከካቸውም እርስ በርሱ ይጋጫል። ይህን አንብባ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች እናት አውቃለሁና፣ ጸሐፊው ይህን ክፍል ቢያነሡት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አደገኛው ነጥብ ደርሻለሁ። የተገተረን መገጣጠሚያ በኃይል ስቦ ማቃናት ሕክምና አይደለም። ጸሐፊው ቀድሞ መጀመር ይገባል ማለታቸው ልክ ነው፤ ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት የሚገኘው ለውጥ በኋላ ከሚገኘው ይበልጣል። ይሁን እንጂ ቀድሞ መጀመር እና በኃይል መሳብ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በማኅፀን ያልተንቀሳቀሰ ሕፃን አጥንቱ ቀጭን ነው፤ አንዳንዶቹ ሲወለዱ ጭናቸው ተሰብሮ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጉልበት በኃይል የሚያጥፍ ሰው፣ መገጣጠሚያው እሺ አለኝ ብሎ ሲደሰት የተላቀቀው አጥንቱ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ብሩክ ሲንድሮም የሚባል ሁኔታ አለ፤ ልጁ መገጣጠሚያው የተገተረ ብቻ ሳይሆን አጥንቱም በቀላሉ የሚሰበር ነው፤ ሁለቱም የሚመጡት አጥንትንና ጅማትን አጥብቆ የሚይዘው የኮላጅን ፕሮቲን ክሮች እርስ በርስ በወጉ ባለመያያዛቸው ነው። ይህን ልጅ እያስለቀሱ መሳብ በየሳምንቱ አዲስ ስብራት መጨመር ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ፋይብሮዲስፕላዚያ ኦሲፊካንስ ፕሮግሬሲቫ በሚባለው እጅግ ብርቅ በሽታ ጡንቻና ጅማት ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ይለወጣሉ፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌ ተራ በተራ ይታሰራሉ። ኤሲቪአር1 በተባለው ዘረመል ላይ ያለ አንድ ለውጥ እንደሚያመጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ታውቋል። በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ጡንቻው በተጎዳ ቁጥር፣ በመውደቅም፣ በጡንቻ በሚሰጥ መርፌም፣ ለምርመራ ተብሎ በሚቆረጥ ቁራጭ ሥጋም፣ በኃይል በመሳብም ጭምር፣ በዚያው ቦታ አዲስ አጥንት ሊበቅልበት ይችላል። ምልክቱ ደግሞ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እግሩ ላይ ነው፤ ሁለቱም የእግሩ አውራ ጣቶች አጭርና ወደ ሌሎቹ ጣቶች የዞሩ ናቸው። ጀርባው ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት እየደረቀ የመጣ ልጅ ሲያጋጥመኝ፣ እጄን ሳላሳርፍበት በፊት ካልሲውን አስወልቄ አውራ ጣቶቹን የማየው ስለዚህ ነው። ጸሐፊው የሰጡት ምክር በዚህ ልጅ ላይ ቢፈጸም፣ የታከመበት ክርን ለዘላለም የማይታጠፍ ይሆናል።

ትክክለኛው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መገጣጠሚያው በለዘብታ እስከሚሄድበት ድረስ ይወሰዳል፣ እዚያ ጥቂት ይያዛል፣ ይለቀቃል፤ በቀን ውስጥ ደጋግሞ፣ ለምሳሌ ልብስ በተቀየረለት ቁጥር፣ ወላጅ ራሱ እንዲያደርገው ይለማመዳል። የተገኘው ትንሽ ለውጥ ተመልሶ እንዳይጠፋ በልኩ በተሠራ መደገፊያ ይጠበቃል። ለቆልማማ እግር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አዮዋ ያዳበሩት ዘዴ፣ በየሳምንቱ የሚቀየር ጄሶ ቀስ በቀስ እግሩን የሚያቃናበት፣ በእነዚህም ልጆች ላይ ይሠራል፤ የጄሶው ቁጥር በርከት ይላል፣ ተመልሶ የመቆልመሙም ዕድል ከፍ ያለ ነው እንጂ። ግባችንም ከመገጣጠሚያው ይልቅ ሕይወቱ ነው። ሁለቱም ክርኖቹ ተዘርግተው የቀሩ ልጅ እጁን ወደ አፉ ማድረስ አይችልም፤ ሁለቱም ታጥፈው ከቀሩ ደግሞ ሽንት ቤት ራሱን ማጽዳት አይችልም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች የምንጊዜም ጥያቄያቸው፣ አንደኛው ክንድ ለመብላት እንዲታጠፍ፣ ሌላኛው ለንጽሕና ተዘርግቶ እንዲቆይ ማድረግ ይበጃል ወይ የሚለው ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ተደግፋ ክንዷን እያስታጠፈች ማንኪያውን ወደ አፏ ስታደርስ ተመልክቻለሁ። ዘዴውን ያስተማራት አልነበረም፤ ክርኗን ቀጥ አድርጎ ያቃናላት ሰው ቢመጣ ይህን ሁሉ ያፈርስባት ነበር።

አምስተኛው ነጥብ፣ በኋላ የሚመጣ ድርቀት ሁሉ ቁርጥማት ነው የሚለው፣ ሁለተኛው አደገኛ ስሕተት ነው። እውነተኛው የልጆች አርትራይተስ መገጣጠሚያውን ያሳብጣል፣ ያሞቃል፣ ጠዋት ሲነሡ ያስቸግራል። አንድ ልጅ ጣቶቹ እየታጠፉ፣ ክንዱን ከራሱ በላይ ማንሣት እያቃተው ሲሄድ፣ እብጠትም ሙቀትም ከሌለ፣ የደሙ ምርመራም ብግነት ካላሳየ፣ ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። ቀለል ያለው የሙኮፖሊሳካራይዶሲስ የመጀመሪያው ዓይነት እንዲህ ሆኖ ይመጣል። አልፋ-ኤል-አይዱሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም በመጉደሉ መወገድ የሚገባቸው ነገሮች በሕዋሳት ውስጥ ይከማቻሉ። ልጁ መዳፎቹን ለጸሎት እንደሚገጥም ሰው ቢያገጣጥም መሐላቸው ላይ ክፍተት ይቀራል፤ የዓይኑ የፊተኛው ግልጽ ሽፋን ደብዘዝ ይላል፤ በልጅነቱ የእምብርት ወይም የብሽሽት ቡአ ኖሮት ይሆናል። ለዚህ ልጅ የቁርጥማት መድኃኒት ምንም አይፈይድም፤ የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካ ላሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት ግን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዘግይቶ ቢጀመር የደረቀውን መገጣጠሚያ ወደ ነበረበት አይመልስም። የመገጣጠሚያው ማለስለሻ ፈሳሽ አንድ ፕሮቲን ጎድሎት ያለ ብግነት የሚያሳብጥ ሌላም ዘረመላዊ በሽታ አለ፤ በዚያ የተያዙ ልጆችም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት በከንቱ ሲወስዱ ይኖራሉ።

በዚሁ ነጥብ ሥር ልብን መዘንጋት አይገባም። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተረከዙ መሬት አልደርስ ብሎ በጣቱ ስለሚራመድ፣ ጅማቱን እንዳሳስብለት ተልኮልኝ ነበር። ከዚያ በፊት የታየበት ቦታ የእግሩን ጅማት ብቻ ተመልክቶ ነው የላከው። ክርኖቹን ዘርጋ አልኩት፤ አልተዘረጉም። አገጭህን ደረትህ ላይ አድርስ አልኩት፤ አንገቱ ከመንገድ ቀረ። የጡንቻው ኃይል ደህና ነበር፤ ሩጫም ይሮጣል። ተረከዝ፣ ክርንና አንገት ሦስቱ አብረው ሲታሰሩ የኤመሪ ድራይፉስ የጡንቻ በሽታ መለያ ነው፤ መታሰሩ ከድካሙ ይቀድማል። የዚህ በሽታ ገዳይ ክፍል ደግሞ የልብ ምት መዛባት ነው፤ የልብ ኤሌክትሪክ እየተቋረጠ፣ ምንም ሳያመው የነበረ ወጣት በድንገት ሊሞት ይችላል። ለበሽታው መነሻ ከሚሆኑት ዘረመሎች፣ ኤምሪን የተባለውን ፕሮቲን የሚመለከተው በ1994፣ ላሚን የተባለውን የሚመለከተው ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ተለይተዋል። የልብ ምርመራ ሳይደረግለት የልጁን ጅማት እንደማልስብ ነግሬ መለስኩት፤ ኢሲጂ የሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ የልቡ ምት መዘግየት መጀመሩን አሳየ። ቁርጥማት ነው ተብሎ ቢሆን ኖሮ የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ (ፔስሜከር) ሊገባለት የሚገባው ልጅ የሕመም ማስታገሻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

የአእምሮ መዘግየት አይቀርም የሚለው በአጭሩ ውድቅ ነው። አሚዮፕላዚያ ያለባቸው ልጆች በአእምሯቸው ከእኩዮቻቸው አያንሱም፤ በዲስታል አርትሮግራይፖሲስም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። አእምሮ የሚነካው የሕመሙ መነሻ አንጎልን የሚጨምር ሲሆን ነው፤ ይህም መነሻውን የመለየትን አስፈላጊነት ያጠናክራል እንጂ የጸሐፊውን ሐሳብ አይደግፍም። እጁ ስላልታዘዘለት ብቻ ትምህርት የተነፈገ ልጅ ግን በእርግጥ ወደኋላ ይቀራል፤ ያ የእኛ ጥፋት ነው።

የዘረመል ምርመራ አይጠቅምም የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ምርመራን ከፈውስ ጋር ስላምታታው የመጣ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው አሚዮፕላዚያ የነበረበት ባልና ሚስት፣ ሁለተኛውም እንዲሁ ይሆናል በሚል ፍርሃት ለስድስት ዓመታት ሳይወልዱ ቆይተው አግኝቻቸዋለሁ፤ ዳግመኛ የመከሰቱ ዕድል ከሌላው ሰው እምብዛም እንደማይለይ የነገራቸው አልነበረም። በሁለቱም ወላጆች በኩል በሚመጣው ዓይነት ግን ዕድሉ በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ፣ አንድ ቅጂ በሚበቃው ዓይነት 50 በመቶ ነው። እነዚህን ሦስቱን ቤተሰቦች በዓይን አይቶ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም። ሕክምና የለውም የሚለውም ለሁሉም እውነት አይደለም። ራፕሲን በተባለው ዘረመል ለውጥ ምክንያት መገጣጠሚያዎቻቸው ታጥፈው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ችግሩ ያለው ነርቭ ለጡንቻ መልእክት በሚያስተላልፍበት ቦታ ላይ ነው። እነዚህ ሕፃናት ተራ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ሲይዛቸው አተነፋፈሳቸው በድንገት ሊቆም ይችላል። ፒሪዶስቲግሚን የሚባል የቆየና የታወቀ መድኃኒት ያበረታቸዋል፤ ወላጆቻቸውም ትኩሳቱ በጀመረበት ሌሊት ሳይነጋ ወደ ሕክምና ይዘዋቸው እንዲሮጡ አስቀድሞ ይነገራቸዋል።